ለሐይቁ የተወረወረ ላባ

የታረደ ዶሮ ላይ የፈላ ውሃ ሲፈስ ላባው የሚሸተውን ሽታ አልችለውም። ባለቤቴ ይስቅብኛል። «ወጡ ሲቀርብማ ማን ይቀድምሻል!» ይላል። እውነቱን ነው፣ እበላለሁ። ላባው ሲነጭ ግን ቤት ውስጥ የለሁም። ባለፈው ኢድ ደሴ የባሌ እህት ቤት ሄደን፣ እሷ በረንዳው ላይ ሳፋ አስቀምጣ አንድ ገብስማ አውራ ዶሮ ትነጭ ጀመር። ሽታው ገና አፍንጫዬ ሲደርስ የምልጠውን ሽንኩርት ጥዬ ወጣሁ። የግቢው በር ላይ ቆሜ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል። የሁለት ልጆች እናት ነኝ እኮ!

«ምነው ከዱ፣ አመመሽ እንዴ?» አለችኝ።

«የለም፣ አያቴ ትዝ ብለውኝ ነው።»

«አላህ ይዘንላቸው» ብላ ወደ ዶሮዋ ተመለሰች። ምን ታድርግ! አያቱ ትዝ ሲሉት የሚያለቅስ ሰው እንጂ የሚንቀጠቀጥ ሰው አይታ አታውቅም።

የአስር ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ሲገባ፣ የእናቴ አባት ከውጫሌ መጥተው እኛ ቤት መኖር ጀመሩ። ሰው አባ ይመር ይላቸዋል፣ እኔ አባቢ እላቸዋለሁ። ቤታችን ከሐይቅ ከተማ ወደ ውሃው በሚወርደው መንገድ ላይ ነበር። አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ኑሮው ሚሌ መንገድ ላይ ነው፤ ቤቱ የእማዬና የእኔ ነበር ማለት ይቻላል። አባቢ ረጅም፣ ደረቅ፣ ቁጡ ሽማግሌ ናቸው። ገና በመጡ በሳምንታቸው የሰፈሩ ልጆች እሳቸው ብቅ ሲሉ ኳሳቸውን አንስተው መቆም ጀመሩ። እኔም ምግብ ሳቀርብላቸው ሳህኑን አስቀምጬ ወደ ኋላዬ ነበር የምሄደው።

ይዘውት የመጡት አንድ የቆርቆሮ ሳጥንና በሸራ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ነው። እማዬ ሳጥኑን ተቀበለቻቸው። ሸራውን ልትቀበል ስትል ግን «ተይው!» ብለው ጮኹባት። እኔ ጠብመንጃ መሰለኝ። ሲፈታ ግን አራት ቁራጭ ዘንግ ሆኖ ተገኘ፤ አንዱ በሌላው ውስጥ እየገባ የሚገጣጠም፣ እጀታው ቡሽ የሆነ። ተገጣጥሞ ግድግዳው ላይ ሲደገፍ ጫፉ ከጣሪያችን በላይ ሄደ።

በወጣትነታቸው የመንገድ ሥራ ካምፕ ጠባቂ ሳሉ አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ነው የሰጣቸው። በሰውዬው አገር ሳልመን የሚባል ትልቅ ዓሣ አለ አሉ፣ ከባሕር ተነስቶ ወንዝ ለወንዝ ሽቅብ የሚወጣ። እሱን የሚያጠምዱት በዚህ ዘንግ ነው፤ በአንድ እጅ አይቻልም፣ በሁለት እጅ ይያዛል። ፈረንጁ አገሩ ሲገባ ዘንጉን ትቶላቸው ሄደ። እሳቸው ደግሞ ሳልመን የሚባል ነገር በሌለበት ሐይቅ ጠፍጣፋውን ቆሮሶና ጢማሙን አምባዛ ሊያጠምዱበት ተነሱ። የእኛ አገር አጥማጅ በታንኳ ሄዶ መረብ ጥሎ ይመጣል እንጂ፣ ውሃ ውስጥ ተገትሮ ገመድ አየር ላይ የሚያስፏጭ ሰው ማንም አይቶ አያውቅም።

ጉዱ የመጣው ግን ከላባው ነው። በዚህ ዘንግ ትል አይሰካም። መንጠቆው ላይ የዶሮ ላባ በክር ይጠመጠማል፣ አለቀ። አባቢ ታዲያ ላባ ይመርጣሉ። የአውራ ዶሮ የአንገት ላባ፣ ያውም ገብስማ ወይም ቀይ። ገበያ ቀን ዶሮ ተራ ሄደው አንዱን አውራ አንስተው አንገቱን በጣታቸው ገልጠው ያዩና ሳይገዙ መልሰው ያስቀምጡታል። ጎረቤት ዶሮ ታረደ ከተባለ ደግሞ እኔን ይልካሉ። «የአንገቱን ላባ ስጡኝ በያቸው። ጥቁር ከሆነ ይቅር።» ሁልጊዜ የምደርሰው የፈላ ውሃ ከፈሰሰበት በኋላ ነው። እርጥቡን፣ የሚከረፋውን ላባ በጣሳ ይዤ፣ ፊቴን አዙሬ እመጣለሁ።

የእኛ አገር ሰው ያልሆነ ይሄ ምኑ እንደሚያስፈራ ላይገባው ይችላል። እኛ ዘንድ ዶሮ በቀለም ከተመረጠ ለወጥ አይደለም። ገብስማ ይሁንልኝ፣ ቀይ ይሁንልኝ ብሎ የሚያዘው ዛር ነው፣ የውሃ ጅን ነው። ይህን ለልጅ ቁጭ ብሎ የሚያስተምር የለም፤ ልጅ ሁሉ ግን ያውቀዋል። አባቢ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ላባዋን በምራቃቸው እያረጠቡ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ክሩን ሲጠመጥሙ ሳይ ምን ልበል ታዲያ?

እኔ ያላልኩትን ሰዓዳ አለችው። ሰዓዳ የአክስቴ ልጅ ናት፤ በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች፣ ወሬ አያልቅባትም።

«አያታችን ለሐይቁ ጅን ነው የሚገብሩት» አለችኝ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ። «ላባ ይወረውሩለታል፣ እሱ ዓሣ ይሰጣቸዋል።»

«ላባው ሲያልቅስ?»

«ላባው ሲያልቅማ ደም ያለው ነገር ይጠይቃል።»

«በግ?»

ሰዓዳ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «በግ እየጎተቱ ውሃ ዳር ሲሄዱ አይተሻል?»

በዚያው ሰሞን አባቢ እማዬን ሲያናግሯት ሰማሁ። እሷ ልብስ ታሰጣለች፣ እኔ ከአንሶላው ጀርባ ነኝ። «ከዱን ስጪኝ» አሏት። «ብቻዬን መሄዱ አልሆነልኝም።» እማዬ መቆንጠጫውን አንሶላው ላይ ሰካች። ከዚያ «ውሰዷት» አለች። በቃ! ለአንድ ሻሽ ከነጋዴ ጋር ግማሽ ቀን የምትከራከር ሴት እኔን በአንድ ቃል ሰጠችኝ። የዚያን ቀን ምሳም አልበላሁም።

የምማረው የከሰዓት ፈረቃ ስለነበር ጠዋቱ የአባቢ ሆነ። ሱብሂ ሰግደው ሲያበቁ አልጋዬን በጣታቸው ኳ ኳ ያደርጋሉ። «ተነሺ።» እማዬ በር ድረስ ትሸኘኛለች፣ ሹራቤን እስከ አንገቴ ትቆልፍልኛለች። «ከአጠገባቸው እንዳትርቂ» ትለኛለች። እኔ በልቤ፣ እንዳላመልጥ ነው እላለሁ።

በጥቅምት ማለዳ ውሃው ይጨሳል። ማዶው አይታይም። ፊላው ውስጥ ዳክዬዎች ሲንጫጩ፣ ከወዲያ ከእስጢፋኖስ ገዳም ደወል ሲሰማ፣ እኔ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ጉልበቴን አቅፌ እቀመጣለሁ። አባቢ ሱሪያቸውን ይሰበስባሉ፣ ቢስሚላህ ይሉና ይገባሉ። ግራ እጃቸው ከዘንጉ ሥር፣ ቀኝ እጃቸው ከፍ ብሎ። ዘንጉን ቀስ አድርገው ሲያነሱት ረጅሙ ገመድ ከውሃው ላይ ይላቀቅና በጎናቸው ዞሮ ከኋላቸው ትልቅ ክብ ይሠራል። ከዚያ በሁለት እጅ ፊት ለፊት ይገፉታል። ገመዱ የቡሄ ጅራፍ ይመስል ያፏጫል፣ ላባዋም ሩቅ ሄዳ ውሃው ላይ ጠብ ትላለች። ሁልጊዜ፣ ክቡ ከኋላቸው ሳለ፣ በሹክሹክታ «ጠብቅ... ጠብቅ...» ይላሉ። ሊገፉት ሲሉ ደግሞ «ሂድ!»

ማንን ነው ጠብቅ የሚሉት? ማንን ነው ሂድ የሚሉት? ከእኔና ከእሳቸው በቀር ሰው የለም። እኔ ደግሞ ሴት ነኝ።

አያተል ኩርሲን የማውቀው ግማሹን ነው። ያንኑ ግማሽ ደጋግሜ እቀራለሁ። ግማሹ ግማሽ ጅን ያባርር ይሆን እያልኩ እጨነቃለሁ። ዓሣ ከያዙ ደግሞ ይብሳል፤ በፌስታል አድርገው ይሰጡኛል፣ ዓሣው ፌስታሉ ውስጥ ይንፈራገጣል፣ እኔ ክንዴን ዘርግቼ ከሰውነቴ አርቄ እሸከመዋለሁ። ቤት ሲጠበስ አልቀምስም።

«ዓሣ በተጠበሰ ቁጥር ሆድሽን ያምሻል?» ትላለች እማዬ።

«አዎ።»

«ጉድ ነው!»

ኅዳር ላይ ነፋስ ገባና ዓሣው ጠፋ። አባቢ ላባ በላባ እየቀየሩ ይወረውራሉ፣ ምንም የለም። ድንጋይ ላይ እየተሰካ የሚበጠሰውም በዛ። ላባው የሚቀመጥበትን የወተት ጣሳ በየቀኑ ከፍቼ አያለሁ። ሲያንስ ሲያንስ የጣሳው ቂጥ ታየ። ሰዓዳ ስትጠይቀኝ እውነቱን ነገርኳት። ልጅቷ ከልቧ አዘነች፣ እንባዋ ሁሉ መጣ። ትንሽ ቆይታ ግን፣ «እንግዲያው ቀዩን ጫማሽን ለእኔ ተይልኝ» አለችኝ። «ውሃ ውስጥ ምን ያደርግልሻል?»

በማግስቱ አባቢ ዘንጉን እንደያዙ ከውሃው ዞር አሉና «ጫማሽን አውልቂ» አሉኝ። «ነይ ግቢ።»

ጫማዬን አወለቅሁ፣ ምን አማራጭ አለኝ? ውሃው ቁርጭምጭሚቴ ጋ ሲደርስ ቆምኩ። እሳቸው መጡና ትልቁን እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣሉት። ከበደኝ። ወደ ታች ይጫነኛል። እጁ ደግሞ ይንቀጠቀጣል። ቀና ብዬ ሳይ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ያ ረቢ፣ አሁን ነው አልኩ። ከእጃቸው ሥር ሹልክ ብዬ ሮጥኩ፤ ከግራሩ ጀርባ ተደብቄ ቁና ቁና ተነፈስኩ። አላሳደዱኝም። ዘንጉን ተመርኩዘው፣ ጎንበስ ብለው ብዙ ቆሙ። ከዚያ ሳያዩኝ «እሺ፣ ነገ» አሉ።

ነገ! በዚያች ቃል እንቅልፍ አጣሁ። ጠዋት በሩ ላይ የእማዬን ቀሚስ ጨመደድኩ። «እማዬ፣ አትስጪኝ።»

«ለማን ነው የምሰጥሽ? አብሽሪ፣ አብሽሪ የኔ እናት» አለች። ግን አልመለሰችኝም። ቁልፌን ስትቆልፍ እጇ ሁለት ጊዜ ሳተ።

ውሃው ዳር ስንደርስ አባቢ ጣሳውን አራገፉ። «ይቺ የመጨረሻዋ ናት» ብለው አንዲት ገብስማ ላባ መንጠቆው ላይ አሰሩ። ግቢ እስኪሉኝ ጠበቅሁ። አላሉኝም። ብቻቸውን ገቡ። ሁልጊዜ የሚቆሙበትን አልፈው ሄዱ፣ ውሃው ወገባቸው ደረሰ። እዚያ ጋ ውሃው ቀለሙን ይቀይራል፤ መሬቱ ተቆርጦ ገደል የሚሆንበት ነው። አጥማጆቹም ከዚያ ወዲያ መርገጫ የለም ይላሉ።

ጠብቅ፣ ጠብቅ፣ ሂድ አሉ። ላባዋ ሄደች። ወዲያው ዘንጉ ለጠጥ ብሎ ጎበጠ። አባቢ ሳቁ። ሲስቁ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር። «ከዱ! አየሽው? አምባዛ ነው፣ ወላሂ አምባዛ ነው!» አሉ። ከዚያ ሳቁ ተቋረጠ። አንድ እጃቸውን ከዘንጉ አንስተው ግንባራቸውን ያዙ። ወንበር ያገኙ ይመስል ቀስ ብለው ወደ ኋላ ተቀመጡ፣ ውሃውም ዋጣቸው። ነጭ ኮፊያቸው ብቻ ቀረ።

ለመጮህ አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። በእኔ ፈንታ እሳቸውን ወሰደ፣ ይሄ ብቻ ነው በጭንቅላቴ የሚዞረው፣ በእኔ ፈንታ እሳቸውን ወሰደ።

ብቅ አሉ። አፋቸው ተከፍቷል፣ ዓይናቸው አያይም። ሲወድቁ ዘንጉ ከእጃቸው አምልጦ የቡሹ እጀታ ወደ እኔ ዞሯል፤ እሳቸው ሲንፈራገጡ መሃሉን ጨብጠዋል። ተመልሰው ሰመጡ፣ ዘንጉን ግን አለቀቁትም። ጉልበቴ ድረስ ገብቼ እጀታውን በሁለት እጄ ያዝኩ። ልስብ ስል ታወቀኝ። በየቀኑ ሥራ ሲያልቅ አንዱን ጫፍ እኔ እይዛለሁ፣ እሳቸው «ሳቢ» ይሉኛል፣ ስስብ ዘንጉ ከመጋጠሚያው ይላቀቃል። መፍቻው መሳብ ነው! ከሳብኩ እጄ ላይ የሚቀረው ቁራጭ እንጨት ነው፣ አባቢ በሌላው ቁራጭ ይሄዳሉ።

ስለዚህ የቀረው መግባት ነው። ዘንጉን ሳልስብ፣ በላዩ ላይ እጄን እያፈራረቅሁ ገባሁ። አንደኛውን መጋጠሚያ አለፍኩ፣ ውሃው ሆዴን ያዘኝ። ብርዱ ትንፋሼን ቆረጠው። እግሬን የሆነ ነገር ነካኝ፤ ሣር ይሁን ጅን እንጃ። ሁለተኛውን አለፍኩ፣ ውሃው አገጬ ደረሰ፣ ከእግሬ ሥር ያለው ጭቃ ቁልቁል ይንሸራተታል። እጃቸውን አገኘሁ። እጅጌያቸውን በጥርሴም በእጄም ይዤ ወደ ኋላ ተጎተትኩ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ እግራቸው መሬት አገኘ።

ዳር ወጥተን ተዘረርን፤ ዘንጉ ከነላባዋ አብሮን ወጥቷል፣ አምባዛው ግን አምልጧል። አባቢ ውሃ አስመለሳቸው፣ ሳሉ፣ እንደገና ሳሉ። ያ ሁሉ ቁመት ተጣጥፎ ድንጋዩ ሥር ይንቀጠቀጣል። ፀሐይ እየወጣች ነበር። ብዙ ከቆየን በኋላ፣ «ለምን አልጮህሽም?» አሉኝ።

«ድምፄ እምቢ አለኝ።»

«እኔ እኮ ያመጣሁሽ እንድትጮኺልኝ ነው።» ፊታቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። «ከክረምት ጀምሮ ራሴን ያዞረኛል። ዓይኔ ይጨልማል። ትናንትናም ይዞኝ ነው ግቢ ብዬ ትከሻሽን የተደገፍኩት፣ አንቺ ሸሸሽ፤ ማጥመዱን ለነገ ተውኩት። ብወድቅ ሰው የሚጠራልኝ ይኑር ብዬ ነው። ፈራሁ፣ ከዱ። ብቻዬን መቆም ፈራሁ።»

ትልቅ ሰው ፈራሁ ሲል ሰምቼ አላውቅም። አጠገባቸው ተንፏቅቄ ሄድኩና፣ «ለጅኑ ልትሰጡኝ አልነበረም እንዴ?» አልኳቸው።

«ለማን?»

ሁሉንም አፈረጥኩት። ገብስማውን፣ ቀዩን፣ ምራቁን፣ ሂድ የሚሉትን፣ ሰዓዳ ጫማዬን ቀድማ መጠየቋን። መጀመሪያ «አኡዙ ቢላህ!» አሉ። ሰዓዳ የጫማውን ጉዳይ ማንሳቷን ሲሰሙ ግን ሳቅ ያዛቸው፤ እየሳቁ ሳሉ፣ እየሳሉ ሳቁ።

«አንቺ ቂል! ዓሣውን እኮ ነው የማታልለው። ላባዋ ውሃ ላይ ስታርፍ ዝንብ ትመስለዋለች። ገብስማው ለደመና ቀን ነው፣ ቀዩ ለፀሐይ።»

«ሂድ የምትሉትስ?»

«ለእጄ ነዋ! ገመዱ ከኋላዬ ተዘርግቶ ሳያልቅ ከገፋሁት ራሴ ላይ ነው የሚጠመጠመው። ፈረንጁ ነው እየጠበቅህ ወርውር ብሎ ያስለመደኝ።»

ቤት ስንደርስ እማዬ እርጥብ ልብሳችንን አይታ ምንም አልጠየቀችም። እሳቸውን አስተኝታ፣ እኔን ጓዳ አስገብታ ስታደርቀኝ፣ እያለቀስኩ ነገርኳት። ያዞራቸዋል፣ ወደቁ፣ ሊሞቱ ነበር አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«እንደሚያዞራቸው። ውጫሌም ወድቀዋል፤ ለዚህ ነው ያመጣኋቸው። ከቤት አይውጡ ብል ይሰሙኛል? አባቴን ማን ተናግሯቸው ያውቃል! አንቺ ካለሽ ግን ለአንቺ ብለው ይጠነቀቃሉ አልኩ።»

«እኔስ?» አልኳት።

ፎጣውን ራሴ ላይ አድርጋ ማሸት ቀጠለች። ዛሬም የሚያናድደኝ ይሄ ነው፣ ከጅኑም ከውሃውም ይበልጥ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ፈሩ፤ ለመነጋገርም ተፈራሩ፤ ከዚያ ፍርሃታቸውን በአንዲት የአስር ዓመት ልጅ ላይ ጭነው፣ ሹራቧን ቆልፈው ላኳት። ራሴ እናት ከሆንኩ ወዲህ ነገሩ ገብቶኛል። ንዴቱ ግን አልወጣልኝም።

አባቢ ሳምንት ተኙ። ሲነሱ እማዬ መሬት መሬት እያየች፣ «እንግዲህ ውሃው ከጉልበትዎ እንዳያልፍ» አለቻቸው። እኔ ጩኸቱን ጠብቄ ጆሮዬን ልይዝ ነበር። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አሰሩ።

በማግስቱ ሄድን። ነፋሱ ቆሟል፣ ሐይቁ ረግቷል። አባቢ ቢስሚላህ ብለው ገቡ። ቁርጭምጭሚት፣ ባት፣ ጉልበት። ቆሙ። ወረወሩ። ከዚያ ላባዋን በዓይናቸው እየተከተሉ፣ ሳያስቡት፣ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዱ። ውሃው ጭናቸው ላይ ወጣ። ሌላ ሊጨምሩ እግራቸውን አነሱ።

«አባቢ! ጉልበት!» ብዬ ጮህኩ።

ፊላው ውስጥ ያሉት ዳክዬዎች ሁሉ ብር አሉ። የገዛ ድምፄ አስደነገጠኝ። እንዲህ ጮኾባቸው በሰላም የሄደ ሰው አላውቅም። አሁን ይዞራሉ፣ አሁን ይጮኹብኛል ብዬ ጠበቅሁ።

አባቢ እግራቸውን አየር ላይ እንዳለች መለሷት። አልዞሩም። «እሺ፣ የኔ እመቤት» አሉ፣ ወደ ኋላም ተመለሱ፣ ውሃው እስከ ጉልበታቸው እስኪወርድ ድረስ። ከዚያም «ይበቃል?» ብለው ጠየቁኝ።

እኔን ጠየቁኝ። ከእኔ በላይ የሚጠይቁት ሰው እዚያ ዳር አልነበረም። «ይበቃል» አልኳቸውና ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ፣ እንዳይሰሙኝ አፌን በሹራቤ አፍኜ አለቀስኩ።